አራተኛው ትልም

ይድረስ ለልጄ፤

ብዕሩን የያዘችው ውባለም ናት፤ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት የምታስተምረዋ። ቃሉ ግን የእኔ ነው፤ እንዳታሳምርልኝ አስጠንቅቄያታለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ከተማው አላከሳሽም ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱም አንገቱን ደፍቷል።

ሥራሽን ልታፈርሺው እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። ያ የተጻፈ ሲለወጥ አሮጌውን ሳይጥል የሚያኖረው፣ ማን መቼ እንደለወጠው የሚመሰክረው የኮምፒውተር መዝገብ የሌሎች ነው፤ ያንቺው አሮጌና አዲሱን የሚያስተያየው ቅጥያ ነው። ሞፈሩን ሌላ ጠርቦት አንቺ አፈር ገላጩን ድግር ገጠምሽለት እንደማለት። ድግር ደግሞ አፈር ሳይነካ አይታመንም። ለመሞከሪያ የእኔን የትውልድ ቆጠራ ወሰድሽ፤ ለጥምቀት ቆጠርኩልሽ፣ ለፋሲካ ደገምኩ። ቅጥያሽ ሁለቱን አስተያየ። «አባባ፣ በጥምቀቱ አንዳርጌ የሚባል ወንድም ቆጥረዋል፤ በፋሲካው የለም» አልሽኝ። «ኮምፒውተርሽ ቀጣፊ ነው! እኛ ሦስት ነን!» ብዬ በታቦት ማልኩ። አንቺም የእጅሽን ሥራ ትተሽ እኔን አመንሽ።

ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ዓይኔን ስከድን ያው ሕልም ይመጣል። አባቴ ጉም ውስጥ ያርሳል፤ በሬዎቹ ኮቴ የላቸውም። በየትልሙ ላይ አንዳችንን ይጠራል፤ ሦስታችን አቤት እንላለን። አራተኛው ትልም ላይ ሲደርስ ጉሙ አፉን ይሞላዋል። ዞሮ እኔን ያየኛል።

ልጄ፣ ቅጥያሽ አልተሳሳተም፤ ለጥምቀት ስሙ አምልጦኝ ነው። አንዳርጌ ታናሽ ወንድሜ ነው። ለሥራ ቆላ በወረደበት ዓመት መሬት ሲከፈል፣ ሽማግሌ ፊት ወራሾቹን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሦስት አልኩ። የእሱ ድርሻ፣ ከወንዙ በላይ ያለው ማሳ፣ በዚያ ነው የእኛ የሆነው። ተመልሶ መጥቶ ዳሩ ላይ ቆመና፣ «ጋሼ፣ እህሉ አምሮበታል» ብሎኝ ሄደ። እዚያው ቆላ ሞተ።

ምን አቆመሽ ውባለም? ጻፊው እንጂ።

በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በእኛ አገር ቆጠራ የሚጸናው የተበደለው ወገን በራሱ አንደበት መልሶ ሲቆጥረው ስለሆነ ነው። ቅጥያሽን አታፍርሺ። አለቆችሽ ቢጠይቁሽ፣ «አባቴ ዋሸ፣ ሥራዬ እውነት ተናገረ» በያቸው። የፋሲካውንም ቆጠራ አትደምስሺው፤ ውሸቴ ከእውነቱ ሥር ይቀመጥ። የወንዙን ማሳ ዘንድሮ እኔ አላጭደውም፤ አጫጁ ታውቋል።

እጅሽ የነካው ይጽና። ስምሽ ከማንም ቆጠራ አይጉደል።

አባትሽ

የጸሐፊዋም ስም ከነአባቷ ከሥር ይግባ፤
ውባለም አንዳርጌ።

በይ ውባለም፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አራተኛው ትልም ላይ ስትደርሺ አትቸኩይ።