ከአባትነት ስለ መሰናበቴ

ለአውራጃችን የነጻ ትምህርት ዕድል ኮሚቴ ክቡር ጸሐፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም በመስኮትዎ ላይ ለተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ፤ ደጅዎ ቆመን ወረፋ ስንጠብቅ ትኩስ ትንፋሹን የሚለቅብን እኛ ላይ ነውና ጠባዩን እናውቀዋለን። እኔ በምዌሩ ሐይቅ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ብስክሌት የምጠግን ምዋባ የተባልኩ ሰው ነኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ስሜ ቻንሳ ነበር። የቀድሞ ስሜን ስላስመለሱልኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዕር አንስቻለሁ።

ቻንሳ የእናቴ ወንድም ነበር። ታሞ ሲሞት ሽማግሌዎቻችን እንደ ደንባችን እኔን የእኅቱን ልጅ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው፣ ውኃ አጠጥተው፣ መጥረቢያውን አስጨብጠው በቦታው ተኩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ስሜ፣ ልጁ ቾላም ልጄ ሆነች። የምበልጣት በስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ «ታታ» እያለች ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ እንደ አባት ሰላም ስትለኝ መጀመሪያ ላይ የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ወደድኩት። ቾላ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ በሒሳብ የሚደርስባት አልተገኘም፤ ዩኒቨርሲቲውም የውኃ ምህንድስና እንድትማር ተቀበላት። ክፍያው ግን ከእናቷ የደረቀ ዓሣና ከእኔ የተበሳ ጎማ የሚወጣ አልነበረምና፣ አባት ለሞተባቸው ልጆች ድጋፍ እንሰጣለን የሚለውን የእርስዎን ማስታወቂያ አይታ አመለከተች። ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ሰነድ በጥንቃቄ ስለሚመረምሩ አመሰግናለሁ። በመንደራችን ሰው ሲሞት ይለቀስለታል እንጂ ወረቀት አይቆረጥለትምና፣ የመንደሩ ሹም አዛውንቱ ሙካንጋ ቢሮዎ ድረስ ተጠርተው ልጅቱ አባት አላት ወይ ተብለው ተጠየቁ። እኚህ ሽማግሌ በእንግዳ ፊት ቀርበው መንደራቸው አንዲት ልጅ አባት አልባ አድርጎ ትቷል ብለው አገራቸውን የሚያሰድቡ ሰው አይደሉም። «እንዴታ፣ አላት እንጂ! እኛ ሰው ሞተ ብለን ቦታውን ባዶ አንተውም። ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ላስጠራላችሁ፣ እዚያ ብስክሌት እየጠገነ ነው» አሉ። ደረታቸውን ነፍተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ እርስዎ ደግሞ በፋይሉ ላይ «አባት በሕይወት አለ፤ የግል ሥራ አለው» ብለው ጻፉ። የአንዲት ብሎን መፍቻ ጌታ መሆኔ እንዲህ በክብር ተመዝግቦ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ የገቢ ማስረጃዬን ይዤ እንድቀርብ ጠርተው ቢሮዎን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ቾላ ስትወለድ ስንት ዓመቴ እንደነበር ጠየቁኝ፤ ስድስት አልኩ። እርስዎም ሳቁ፤ የቢሮዎ ታይፒስትም ሳቀች፤ እኔም ላለመለየት ሳቅሁ። በሳቁ መሐል ነገሩ የገባዎት መስሎኝ ነበር። በእርግጥም ገብቶዎታል፤ ነገር ግን የገባዎት ነገር ፋይል ውስጥ ስለማይገባ፣ ፋይሉ እንደሚለው አባት ነኝና አባት አለመሆኔን ፍርድ ቤት ቀርቤ በመሐላ ካላረጋገጥኩ ማመልከቻው እንደሚወድቅ አስረዱኝ። የዩኒቨርሲቲው መመዝገቢያ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ ከዚያ በኋላ ቦታዋን ሌላ ይወስደዋል።

ሦስተኛው ምስጋና ከባድ ነው። በእኛ ዘንድ በሟች ቦታ የተቀመጠ ሰው «እኔ እሱ አይደለሁም» ካለ ሟቹን ከቤቱ አስወጣው ማለት ነው። ስለዚህ ነገር ቾላን ሳማክራት፣ «አባቴን ሁለቴ አልቀብርም። ትምህርቱ ይቅር» አለችኝ። ደግሜ አላነሣሁባትም። በማግስቱ ጎማ ልገዛ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና፣ ፍርድ ቤት ቀርቤ እጄን ወደ ላይ አንሥቼ የቾላ አባት እንዳልሆንኩ፣ በማንም ቦታ እንዳልተቀመጥኩ፣ አባቷም ሞቶ እንደቀረ ማልኩ። ዳኛው ጮክ ብለህ ተናገር አሉኝ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ በአደባባይ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

እነሆ ተሳካልዎ፤ ቾላ ዕድሉን አገኘች። መጥረቢያው ከቤቴ ወጥቶ ሹሙ ዘንድ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሰው እንዳይተኩ ደግሞ፣ እርስዎ አባት ተገኘላት ብለው ድጋፉን እንዳያቋርጡባት ፈሩ። ስለዚህ የቻንሳ ቦታ በመንደራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ ሆኗል፤ ይህም እንደ አንድ የሥራ ውጤትዎ በዓመታዊ ሪፖርትዎ ቢካተት ቅር አይለንም።

አራተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ሰርዤዋለሁ። ቾላ በሄደች ቀን ሻንጣዋን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ጉልበቷን ሸብረክ አላደረገችም። እንደ እኩያ እጇን ዘርግታ ጨበጠችኝና፣ «ደህና ሁን፣ ምዋባ» አለችኝ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም። ተናዳ ይሁን መሐላዬን አክብራ አላውቅም፤ ለመጠየቅም አልደፈርኩም።

በዚህ አጋጣሚ ለኮሚቴው አባላት በሙሉ ልጆቻቸው በየማለዳው «አባባ» እያሉ እንዲቀሰቅሷቸው፣ ለዚያም ማስረጃ አምጡ የሚላቸው እንዳይኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ በመሐላ ቃሉ ማንም ያልሆነው ታዛዥዎ፣

ምዋባ፣ ብስክሌት ጠጋኝ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከዩኒቨርሲቲው አንድ ሠራተኛ ደውሎልኝ ነበር። ቾላ አደጋ ቢደርስባት የሚጠራ ሰው ብላ የእኔን ስልክ ሰጥታለች፤ ምኗ እንደሆንኩ የሚሞላበትን ቦታ ግን ባዶ ትታዋለች። ሰውየው በትሕትና «ምኗ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚመለከተውን አካል ጠይቄ እመልሳለሁ አልኩት። የሚመለከተው አካል እርስዎ ነዎትና መልስዎን እጠብቃለሁ።