ከጌሙ በጎ ፈቃደኞች የተሰናበትኩበት ቀን

እሑድ፣ ግንቦት 3

በኢንተርኔት በምንጫወተው ጌም ላይ ጀማሪዎችን በነፃ ከምንረዳበት ቡድን ዛሬ ወጣሁ። ወጣሁ ልበል እንጂ ያስወጡኝስ እነሱ ናቸው። እዚህ ማርቆስ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከርሞ፣ ተመለሰ ሲባል እየሮጥኩ ብገባ ከአስተባባሪነት አንስተውኛል። ምክንያቱ «ለረጅም ጊዜ አልታየም» ይላል። የጌሙን ማብራሪያ ሁሉ በአማርኛ የጻፍኩት፣ ተጫዋቾቹ ሲሰዳደቡ ስገላግል የማመሸው እኔ! ስልክ እንደሆነ ይሠራ ነበር፤ ቁጥሬም አላቸው። አንድ ሰው አልደወለም።

እናቴ ከማኅበር ስትመለስ አኩርፌ አገኘችኝና ነገርኳት።

«እኛ ዘንድ አንድ ሰው ከቀረ ሰብሳቢያችን ሙሴው ቤቱ ድረስ ሰው ይልካል። ታሞም ከሆነ ዳቦውንም ጠላውንም ይዘንለት እንሄዳለን። የእናንተ ደግሞ ምን ዓይነት ማኅበር ነው?» አለችኝ።



ስንብት መጻፍ ጀመርኩና ተውኩት። «ውጣ» የሚለውን ስጫን ወዲያው መልእክት መጣልኝ፦ «ወንድማችን፣ ስላገለገልከን እናመሰግናለን። በራችን ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

ለሚወጣ ሁሉ በራሱ እንዲላክ አድርጌ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል እንኳ አልጨመሩበትም።