የጋሼ መፍቻ መነጽር

ቤተሰብም ሠራተኛም «ጋሼ መፍቻ» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና የጤና ጣቢያ ነርስ ከነበሩት እናታቸው ሚያዝያ 9 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በሰባት ዓመታቸው የአባታቸውን መፍቻ ሰርቀው የቤቱን ሬዲዮ ፈታትተው በመገኘታቸው ነው። መልሰው ሲገጥሙት ሦስት ብሎን ጎደለ፤ ሬዲዮው ግን ሠራ። ብሎኖቹን የደበቀችው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው መሆኗ ዛሬ በይፋ ይነገራል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በ1971 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመረቁ። ከዚያም በስልክ መሥሪያ ቤት ለሃያ ሁለት ዓመታት በጥገና ሙያ አገልግለዋል። በ1975 ዓ.ም. ከሒሳብ አስተማሪዋ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

እናታቸው በአንድ የበዓል ማግስት ሥራ ሲገቡ የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ጠፍቶ፣ የሁለት ወር ክትባት ተበላሽቶ ጠበቃቸው። ማታ ቤት ገብተው እራት ሳይቀምሱ አለቀሱ። ወንድማችን ያን ለቅሶ አልረሱትም። በ1994 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው፣ ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከአንድ መሐንዲስ ጓደኛቸው ጋር ኩባንያቸውን ጀመሩ። የሠሯት ሣጥን፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ሲሞቅ ራሷ ለነርሷ ስልክ ትደውላለች። በወቅቱ ብዙዎች እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ኩባንያው መቶ ሠላሳ ሠራተኞች ነበሩት።

ወንድማችን ሌላው ያላየው ቀድሞ ይታያቸው ነበር። ሌላው ምን እንደሚያይ መጠየቅ ግን አይሆንላቸውም። ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ካልጣማቸው አይናገሩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። በቃ፣ ያ ሐሳብ አለቀለት። አዲስ ተቀጣሪ ገና የሥራ ልብሱን ሳይለብስ የሚነገረው ይኼው ነበር።

በ2009 ዓ.ም. ልባቸውን ሲያማቸው ሐኪሞች ሥራ እንዲቀንሱ አዘዟቸው። ሁሉም ይተካቸዋል ብሎ የጠበቀው ወይ መሐንዲስ ጓደኛቸውን ወይ ትልቋን ልጃቸውን ነበር። እርሳቸው ግን አሥራ አንድ ዓመት የደንበኞችን ስልክ ስታነሳ ኖራ የጥገና ክፍሉን የመራችውን ሴት ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙ። ባለቤታቸው ለምን ብለው ሲጠይቋቸው፣ ሣጥኗ ያለምክንያት ስትደውል ነርሶቹ ምን ብለው እንደሚሳደቡ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት አሉ። ቢሮውንም ቁልፉንም አስረከቧት። ከስብሰባው አዳራሽ ጥግ ያለውን ወንበር ግን አላስረከቡም። በአንድ ዓመት ውስጥ ካቀረበቻቸው ስድስት ዕቅዶች አራቱን መነጽሩ ቀበራቸው። ሁለት ጎበዝ ወጣት መሐንዲሶች ተስፋ ቆርጠው ለቀቁ። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ ኩባንያው ከእርሳቸው ጋር አብሮ መሞቱ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጇ ሣጥኗ ቀርታ፣ ነርሷ በገዛ እጇ ማቀዝቀዣው ውስጥ የምትለጥፋት የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያ እንድትተካ ሐሳብ አቀረበች። መነጽሩ ወለቀ። ዕቅዱን ሲያስረዳ የነበረው ወጣት መሐንዲስ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ። ያኔ ሥራ አስኪያጇ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ ወይ መነጽርዎን ያድርጉ፣ ወይ ይውጡልኝ። እርስዎ እዚያ ተቀምጠው እኔ አልተሾምኩም» አለቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወጡ።

ባለቤታቸው እንደሚመሰክሩት፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት የልብስ ማጠቢያው ሁለቴ፣ የበሩ ደወል አምስቴ ተፈትቷል። እህታቸውም ቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ ያንገበገባቸው መደፈራቸው ሳይሆን ሥራ አስኪያጇ ትክክል መሆኗ እንደሆነ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ሻይ እንኳ ሳይጋብዙ ሸኟት። ወደ ስብሰባው ዳግመኛ አልተመለሱም፤ ተሳስቼ ነበር ማለቱን ግን አልቻሉበትም።

ባለፈው መስከረም ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል ተኙ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የተረኛዋ ነርስ ስልክ ጠራ። ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሮጣ ገብታ፣ ገርበብ ብሎ የቀረውን የማቀዝቀዣ በር ገጥማ ተመለሰች። ወንድማችን ምን እንደሆነ ጠየቋት። እሷም ማቀዝቀዣው ውስጥ የተለጠፈች ትንሽ ነገር እንዳለችና እንደምትጠራት ነግራ፣ የኩባንያውን ስም ጠቀሰችላቸው። የማን ነው ይሄ ኩባንያ ሲሏት፣ «የአንዲት ሴትዮ ነው ይላሉ» አለች። እህታቸው አጠገባቸው ነበረች። የግሉኮሱ ማንጠልጠያ እስኪወዛወዝ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

በዚያው ዕለት ሥራ አስኪያጇን አስጠሩ። «የቀብሬ ቀን ቢሮው ባይዘጋ ደስ ይለኛል» አሏትና፣ «ከፈቀድሽ» ብለው ጨመሩ። ይህችን ቃል ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። እሷም «አስብበታለሁ» አለቻቸው። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ መነጽራቸው ሄደ። አውልቀው በአንሶላው ጫፍ ጠረጉትና መልሰው አደረጉት።

ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ለኀዘን ትተዋል።

ከኩባንያው የመጣው ሰው ማነሱን አይታችሁ ቅር እንዳትሰኙ። ሥራ አስኪያጇ አስባበት ፈቅዳለች፤ ሠራተኞቹ ቢሮ ሆነው ስልክ እየጠበቁ ነው።

ፈጣሪ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። የወንድማችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ በዚያም ቢሆን የሚፈታ ነገር አያሳጣቸው።