የእትዬ ካውያ ዕረፍትና የመለስነው የአበባ ጉንጉን

የዓይነ ስውራን ጎልማሶች የንባብ ማኅበር መሥራችና ሊቀ መንበር፣ በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል ለረጅም ዘመን ልብስ ሲተኩሱ የኖሩት እናታችን ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል፤ ተቆጥቷልም። እትዬ ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በእጃቸው አንሶላ፣ በአፋቸው አለቃ ይተኩሱ ነበርና።

ዓይናቸው የጠፋው በጎልማሳነታቸው ነው። ሥራቸውን አላቋረጡም፤ የጠየቁት ፊደል መቁጠር ብቻ ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝግቦ ተቀበላቸው፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀመጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ ፈታኙ ሰሌዳውን በዱላ እየነካካ ይህ ፊደል ማን እንደሚባል ጠየቃቸው። “የቱ ፊደል?” ሲሉት “ትኩረት ይጎድላቸዋል” ብሎ ጣላቸው።

በቀጣዩ ዓመት በጣት የሚነበበውን ብሬል የሚያስተምር መምህር እንዲመደብ አመለከቱ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ “ይታያል” አሉ። በየዓመቱ ይኸው ነበር መልሱ። በመጨረሻ እትዬ ካውያ ስብሰባ መሃል ተነሥተው፣ “ይታያል የሚሉኝ ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እስካሁን ግን ያየው የለም” አሉ። ኃላፊው ሳቁ። እኛ አልሳቅንም፤ አልረሳንምም።

ማኅበሩ የተመሠረተው በዚያው ሰሞን ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ዓይነ ስውር መምህር አንሶላ በሚታጠፍበት ጠረጴዛ ላይ በነፃ አስተማሩን። እንፋሎቱ ወረቀቱን እያራሰ ነጥቦቹን ያጠፋብን ነበር። እትዬ ካውያ ነጥቦቹን በወስፌ እንደገና አስወጉን። እርሳቸውም ማንበብ ቻሉ፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡትንም አስነበቡ። ጽሕፈት ቤቱ ዛሬም ብሬል የሚያውቅ አንድም መምህር የለውም።

ትናንት ከዚሁ ጽሕፈት ቤት የአበባ ጉንጉን መጣ። ሪባኑ ላይ “የፕሮግራማችን ፍሬ” የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ልጃቸው አነበበችልን። ጉንጉኑን በመጣበት መኪና መልሰነዋል። እትዬ ካውያ የጽሕፈት ቤቱ ፍሬ ሳይሆኑ ጽሕፈት ቤቱ የጣላቸው ተማሪ ናቸው። ኃላፊው በቀብሩ ላይ ንግግር ለማድረግ ያቀረቡትን ጥያቄም አልተቀበልንም። መምጣት ከፈለጉ ይምጡ፤ ቆመው እኛ የምናነበውን ይስሙ።

ለልጃቸው፣ ለወንድማቸው፣ በእንፋሎት ውስጥ አብረዋቸው ለኖሩ ባልደረቦቻቸው፣ ፊደል ላስቆጠሯቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ኃላፊው እጅግ ማዘናቸውን ነግረውናል። ለእርሳቸው መጽናናትን አንመኝም፤ ሐዘናቸው እውነት ከሆነ ይቆይባቸው።