ትንሿን ኮምፒውተር ለምን እንደመረጥኩ

ይድረስ ለምናፍቅሽ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? ሥራሽስ? ያ የማይለቅ ሳልሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስልኩን አርቀሽ እየያዝሽ ታታልይናለሽ? አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። ይቺን "ደህና ነን" ግን ለጊዜው በአደራ ያዥልኝ፤ እመለስባታለሁ። ፈተናውን ማለፍሽን የሰማን ዕለት አክስታችን በደስታ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን አስደንግጦታል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እሳት የተነሳ መስሏት ባልዲ ውሃ ይዛ ከተፍ አለች።

ወደ ኮምፒውተሩ ልግባ። ባለፈው ስልክ ላይ "አሥራ ሰባት ኢንቹን ልግዛልህና እንደ ሰው ተዘርግተህ ሥራ" ስትይኝ ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም፤ እማዬ አጠገቤ ስለነበረች ነው። ደግሞ አንቺ ስልክ ላይ ሰው አታስጨርሺም። በደብዳቤ ግን ወደድሽም ጠላሽም እስከ መጨረሻው ታዳምጪኛለሽ። ይህን የሚያደርስልሽ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሲመለስ ኮምፒውተሩን እሱ ይዞልኝ ይመጣል። እና እባክሽ፣ ትልቁን ተዪው። እኔ የምፈልገው ትንሿን ነው።

አሮጌውን ኮምፒውተሬን እማዬ "ወፍጮው" ነው የምትለው። ሲነሳ ያጓራል፣ ትንሽ ሲቆይ ይግላል፣ ተሸክሞት የዋለ ትከሻ ደግሞ ማታ የሰው ትከሻ አይደለም። ይኸው ባልደረባዬ ደብተር የምታህል ኮምፒውተሩን ለሳምንት ሲያውሰኝ እኔም እንዳንቺው ስቄ ነበር። በዚች ላይ ፕሮግራም ሊጻፍ? የመጀመሪያው ቀንማ ጉድ ሆኜ ዋልኩ። ስከፍታት ፊደሉ ከመድቀቁ የተነሳ አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንዲህ ነው የምትሠራው ብዬ፣ መጠየቁ አሳፍሮኝ፣ ግማሽ ቀን ዓይኔን አጨናብሼ ጻፍኩ። አክስታችን አይታኝ "ቅማል ነው እንዴ የምትፈልገው?" አለች። በኋላ ባልደረባዬ በስልክ እስኪበቃው ከሳቀብኝ በኋላ የፊደሉን መጠን ከየት እንደማሳድግ ነገረኝ።

ካስተካከልኩት በኋላ ግን ምን ልበልሽ! ለካ የስክሪን ነገር በስፋቱ አይደለም። ወፍጮው ሰፊ ነው፤ ፊደሉን የሚሠሩት ነጥቦች ግን ትላልቅ ስለሆኑ ፊደሉን ባሳነስኩት ቁጥር ጠርዙ ይሻክራል፣ ኮማውና ነጥቡ ይምታቱብኛል። ፕሮግራም ደግሞ በአንዲት ነጥብ ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል። የትንሿ ነጥቦች የደቀቁ ናቸው፤ ፊደሉ አንሶም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ከፍቼ ስሠራ ውዬ ዓይኔ አልቀላም።

ሱቅ ስትገቢ ስክሪኗ ከአሥራ ሦስት ኢንች የማይበልጥ፣ በአግድም ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ነጥብ የማያንስ በይ። ራሟ፣ ማለትም የሥራ ማህደረ ትውስታዋ፣ አሥራ ስድስት ጊጋባይት ይሁን፤ እሱ ላይ አትደራደሪ። ኪቦርዷን በሁለት እጅሽ ጻፊበት፤ ጣቶችሽ እርስ በርስ ከተጋፉ አትውሰጃት። በአንድ እጅሽም አንሺያት። ባለሱቁ ስለ ቀለሟና ስለ ድምፅ ማጉያዋ ማውራት ከጀመረ ሌላ የሚያወራው አጥቶ ነውና እለፊው። ከሁሉ በላይ ግን ጆሮሽን አስጠግተሽ ማቀዝቀዣ ፋኗን ስሚ። ድምፅ የላትም ማለት አለብሽ።

አሁን "ጠረጴዛ እያለህ የምን አንድ እጅ፣ የምን ጆሮ ማስጠጋት?" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። እኔ ጠረጴዛ ላይ አይደለም የምሠራው። እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ነው።

አትደንግጪ፣ እታለም። ከአራት ወር በፊት መታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አጥንቱ ገጥሟል፤ ሐኪሙ "አሁን የቀራት መቀመጥና መነሳት ነው" ብሏል። እሷ ግን ፈራች። ልናስቀምጣት ስንል "ነገ" ትላለች፤ ነገም ሲደርስ ሌላ ነገ አላት። የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል ያልንሽ ሐሰት ነው፤ ተኝታ እንዳታዪያት ነው። "ከሰማች ፈተናውን ጥላ ትመጣለች" ብላ አስማለችን። መሐላውን ጠበቅን፣ ፈተናሽም አለፈ። እሷ ግን አሁን ደግሞ "በእግሬ እስክሄድ ድረስ አትንገሯት" አለች።

ቀን ቀን አክስታችን ሥራ ስለምትሄድ እኔ መሥሪያ ቤቴን አስፈቅጄ ከቤት እሠራለሁ። ወፍጮውን አልጋው ላይ ሳኖረው ፍራሹ ይሰረጉዳል፣ እግሯም ይነቃነቃል። አንድም ቀን አሞኛል አላለችም፤ ከንፈሯን ስትነክስ ነው ያወቅሁት። ሲያጓራ ደግሞ ስንት ጊዜ ከእንቅልፏ ቀስቅሷታል። ብቻ ሲግል እግሯን አስጠግታ ትሞቀዋለች፤ "አዲሱ ሲመጣ እንዳትሸጠው" ብላኛለች። ትንሿ ግን ጉልበቴ ላይ ሆና፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እማዬ እንቅልፏን እየተኛች እኔ ሥራዬን ስሠራ ሳምንቱ አለቀ። ለምን ትንሿን እንደመረጥኩ አሁን ገባሽ?

ልመልሳት አንድ ቀን ሲቀረኝ ባለፈው የላክሽውን ፎቶ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰሽ በር ላይ የቆምሽበትን፣ ከፈትኩላት። በስልክ መቶ ጊዜ አይታዋለች። በዚያ ስክሪን ስታየው ግን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ፊትሽን አሳድግልኝ አለች፤ አሳደግኩ። ዝቅ አድርገው አለች፤ አደረግኩ። ከዚያ ጣቷን ካፖርትሽ ላይ አሳርፋ "ይቺ ቁልፍ በነጭ ክር ነው የተሰፋችው" አለች። እውነቷን ነው፤ ሁለተኛዋ ቁልፍ በነጭ ክር ነው። "ጥቁር ክር እንኳ የሚያቀብላት ሰው የላትም፣ ለኔ ግን ሁልጊዜ ሁሉ ሞልቶኛል ነው የምትለኝ" አለችና እንባዋ መጣ። ትንሽ ቆይታ ሳቀች። "የእናቷ ልጅ አይደለች? እኔ ዳሌዬን ደበቅኋት፣ እሷ ክሯን ደበቀችኝ። በል ጻፍላት" አለች።

ከዚያም "ይሄ እቃ እኔንም እንዲህ አጥርቶ ነው የሚያሳያት?" ብላ ጠየቀች። ጥራቱ ለሚያየው እንጂ ለሚታየው እንዳልሆነ፣ እሷን የሚያሳይሽ ካሜራው እንደሆነ ባስረዳት ባስረዳት አላመነችኝም። "ሁሉንም ያያል" ብላ ደምድማለች። እና እታለም፣ ጥለሽ እንዳትመጪ። ምስክር ወረቀትሽን ሳትይዢ በሩን ብታንኳኪ እማዬ ዳግመኛ የምትወድቀው ያኔ ነው። ኮምፒውተሯ በደረሰች በማግሥቱ ፊት ለፊት ትተያያላችሁ፤ እንዳታለቅሺባት ብቻ ከአሁኑ ተለማመጂ።

አክስታችን ጉንጭሽን ስማ "ሳሏን ታስመርምር፣ እኔ ጮሄ ሳልመጣባት" ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ባልዲዋን እንደያዘች ሰላም ብላሻለች። ለጓደኛሽ የሁላችንንም ሰላምታ አድርሺልኝ፤ ካፖርትሽን እያየች ዝም በማለቷ ግን እማዬ ቅር ብሏታል። እኔ ወንድምሽ ብስምሽ ብስምሽ አልጠግብሽም።

የእማዬ ሰላምታ ፖስታው ውስጥ አለልሽ። ካርቶን ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ክር ነው፤ መርፌው ጎኑ ላይ ተሰክቷል፣ እንዳይወጋሽ። ክሩን ከልብስ ሰፊዋ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጠቅልልልሽ ብላት እምቢ አለች፤ ተኝታ ብትሞክረው ተወሳሰበባት። ተቆጣች፣ አልጋውን በሁለት እጇ ጨበጠች። የጠቀለለችው ቁጭ ብላ ነው።

ከእማዬ አልጋ ጫፍ፣
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ