ከኮርኒሱ የተንጠለጠለው ጉንጉን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከናፍቆትህና ከጎረቤቱ ውሻ በቀር የሚያስቸግረን የለም።

በየወቅቱ በራችን ላይ ከምንሰቅላቸው የወረቀት ጉንጉኖች የቅጠል መርገፊያውን ወቅት ዘንድሮም ሠራሁት። ሽቦው ያው ጥለኸው የሄድከው የልብስ መስቀያ ነው፤ ወረቀቱንና ሙጫውን ሁሉ ነገር ርካሽ ከሆነበት ሱቅ አመጣሁ። ቅጠሎቹን ቆርጬ ስጨርስ አባባ ከአልጋው ሆኖ፣ «ይሄን ቢጫ ብለሽ ነው?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ቀለም ሲቀባ የኖረ ሰው መቼ ዝም ይላል! ሻይ ውስጥ ነክሬ አደበዘዝኩለት፤ ወደደው።

በር ላይ ግን አልሰቀልኩትም። «የበሩንማ መንገደኛ ነው የሚያየው፤ እኔስ?» ስላለኝ ከአልጋው በላይ ከኮርኒሱ አንጠለጠልኩለት። መስኮቱ ሲከፈት ዞር ዞር ይላል፤ እሱም በዓይኑ ይከተለዋል።

አሁን ደግሞ የአበባውን ወቅት ጉንጉን ካልሠራሽ ብሎ ያዘኝ። «አባባ፣ ቅጠሉ እንኳ ረግፎ አላለቀም እኮ፤ ምን አስቸኮለህ?» ስለው፣ «አንቺ ብቻ ሥሪው» አለኝ። ከእንቁላል መያዣ ካርቶን አበባ ቆረጥኩ፤ እሱ ትራስ ተደግፎ፣ እያረፈ እያረፈ ቀይ ቀባቸው። አንዷን ግን ሳይቀባ ተዋት። ብሩሹን ተቀብዬ ልጨርሳት ስል እጄን ያዘኝ።

«ተያት፤ የወንድምሽ ናት፤ እሱ ይቀባታል» አለኝ።

አባባ ጉንጭህን ስሞልሃል፤ እኔም እቅፍ አድርጌ ስሜሃለሁ። የቀለሙን ክዳን አጥብቄ ዘግቼዋለሁ፤ ርካሽ ስለሆነ ግን ሳይደርቅ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም።

ታናሽ እህትህ