አዞዋን ከጠረጴዛው አላወርድም

ስቴፕልፎርድ፣ እሑድ ማርች 10 ቀን 2019

ውድ ልጄ ብሪዮኒ፣

ሞንትሪያል አሁንም በረዶ ውስጥ ናት አሉ። ደህና ጫማ እንደገዛሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቁጣዬም እንደ ወትሮው ናቸው።

የላክሽው ሣጥን ማክሰኞ ደረሰኝ። ውስጡ አንቺ ሞዴል ለሚሸጠው መሥሪያ ቤትሽ በኮምፒዩተር የቀረጽሽው ዘንዶ፣ ከሥሩም ማስታወሻሽ፦ «አባዬ፣ ቅዳሜ ይህን ይዘህ ሂድ። ማንም ምንም አይልህም።» ብሪዮኒ፣ ሰው ምንም እንዳይለኝ ብዬ የሠራሁት ነገር በሕይወቴ የለም።

እናትሽ በስልክ የነገረችሽ ግማሹን ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ስሚው። ራስል በትንንሽ ሞዴሎች የጦርነት ጨዋታ የምንጫወትበት የክበባችን ሊቀመንበር ሆነ። ወንበሩ ሳይሞቅ አንድ ሕግ አወጣ፦ በጦርነት ጠረጴዛችን ላይ ከሞዴል ሠሪዎች ሣጥን ያልወጣ ጭራቅ አይቆምም። ሕጉ ለሁሉም ነው ይላል። በክበቡ ውስጥ ግን ከአሻንጉሊት ጭራቅ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ታውቂዋለሽ። አዞዬንም ታውቂያታለሽ፤ ከበጎ አድራጎት ሱቅ ቅርጫት ያወጣኋት የጎማ አዞ፣ የፕላስቲክ ጎሪላ ክንድ የገጠምኩላት፣ ጀርባዋን በሸርጣን ቅርፊት የሸፈንኩት። ክረምቱን ሙሉ የለፋሁባት፣ የሚያያት ሰው አሻንጉሊት መሆኗን እንዲረሳ ነው።

«ክላይቭ፣ አትቀየመኝ» አለኝ ራስል በስብሰባው ላይ፤ «ግን ይሄ የሕፃን መጫወቻ ነው።»

«ያንተስ? የጡረተኛ መጫወቻ?»

«የኔ በትክክል የተሠራ ሞዴል ነው።»

«ማን ሠራው?»

ሁልጊዜ በተቃራኒዬ የሚጫወተው ጉርዲፕ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሻይ የምታፈላልን ሞሪን ትሪዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ «እናንተ ጎረምሶች፣ ጢማችሁ ሸብቶ በአሻንጉሊት ትጣላላችሁ። ስኳር የሚፈልግ?» አለች።

ራስል አሻንጉሊት የጠላበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጊዜ የጎማ ዳይኖሰር ገዝቶ ከቆርቆሮ በሚነፋ ቀለም ቀባው። ለስላሳ ጎማ የሚነፋ ቀለም አይወድም፣ በብሩሽ ቀባው ብዬ ነግሬው ነበር። አልሰማም። ቀለሙ እስከ ዛሬ አልደረቀም፤ ዳይኖሰሩ መደርደሪያ ላይ ቆሞ የድመት ፀጉር ይሰበስባል። ሰውዬው በገዛ እጁ ያበላሸውን ነገር በድምፅ ብልጫ ከለከለ።

አንቺም ለዚህ ሰው ሕግ የሚመች ዘንዶ ላክሽልኝ።

በማጉያ መነጽር አየሁት። ክንፎቹ ዶሮ እንኳ አያነሱም። ግራ ጭኑ ላይ ጠባሳ አለ፤ ጥሩ ጠባሳ ነው። ቀኝ ጭኑ ላይም ያው ጠባሳ፣ ያው ርዝመት፣ ያው ጥምዝ። ግራውን ቀርጸሽ ኮምፒዩተሩን ገልብጠህ ድገመው ብለሽዋል። የተዋጋ አውሬ ሁለት ጭኑ ላይ አንድ ዓይነት ጠባሳ የለውም! አለቃሽ አቻኩሎሽ ከሆነ፣ አባቴ እንዲህ አለ ብለሽ ንገሪው።

አንገቱ ግን ሌላ ነው። ወደ ግራ ዞሯል፤ በአንዱ በኩል ቆዳው ተጨማዷል፣ በሌላው ተወጥሯል፤ ከኋላው አንድ ሰው ስሙን እንደጠራውና ልዙር አልዙር እያለ እንደሚያመነታ። ይህን ማሽን አልደገመልሽም። መነጽሩን አስቀምጬ በባዶ ዓይኔ አየሁት።

ከዚያ መጋዝ አመጣሁ።

ትላንት የክበቡ አዳራሽ ስገባ አዞዋ ያንቺን ዘንዶ አንገት ከነራሱ ለብሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። ራስል ሮጦ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከሣጥን የወጣ ነው።»

«አካሉ እኮ አዞዋ ናት!»

«እንግዲያው ከሣጥን የወጣው የት ላይ እንደሚያበቃ አሳየኝ። ከዚያ በታች ያለውን እዚሁ ቆርጬ ይዤ እሄዳለሁ።»

መነጽሩን አጠለቀ። አውራ ጣቱን ከመንጋጋዋ ጀምሮ ቁልቁል ወደ ትከሻዋ ነዳው፤ ገልብጦ አየ፤ እንደገና ነዳው። መጋጠሚያውን ሲደርቅ በሚጠነክር የሞዴል ሊጥ ደፍኜ፣ ያንቺን ቅርፊት አካሄድ እየተከተልኩ፣ እያንዳንዱን ቅርፊት በመርፌ ጫፍ ቀርጬዋለሁ። ጣቱ መጋጠሚያው ላይ ደረሰ፤ አልፎትም ሄደ።

«ራስል፣ ፈልገህ እስክታገኝ እኛ እንጀምር?» አለ ጉርዲፕ ዳይሱን እያንኳኳ።

«ለዛሬ ብቻ ነው» አለ ራስል።

«ለሁልጊዜ ነው» አልኩት።

በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ያስወስነዋል አሉ። ያስወስን። አላወርዳትም። ከፈለጉ እኔን ከነጠረጴዛው ተሸክመው ያውጡኝ።

ውጊያውን ከጠየቅሽኝ፣ ገና በሁለተኛው ዙር የጉርዲፕ መድፍ ገደላት። «አንገቷን አዙራ ሌላ ነገር ስታይ አገኘኋት» አለኝ፤ ሞሪን ሳትቀር ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ጨዋታቸውን ትተው ጠረጴዛዬን ከበቡት። አንገቷን ማን ሠራው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ራስል በደንብ ስላልሰማ ስምሽን ከነአባትሽ ስም ፊደል በፊደል ቆጠርኩለት።

ሌላ ዘንዶ አትላኪልኝ። ይልቅ በበጋ ፈቃድ ከሰጡሽ ነይ። የአዞዋ ጅራት ካንቺ አንገት ጋር ሲታይ የሞተ ነው። አንድ ጊዜ ቆርጬ እንደገና ሠራሁት፤ አሁንም የሞተ ነው።

እጅሽ አይድከም፤ ቀዝቃዛው አገር በደህና ያኑርሽ፤ አለቃሽም ልብ ይግዛ።

አባትሽ ክላይቭ